ሻንጣ ያዘሉ ሽማግሎች

ኅዳር 6 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ሱሉልታ

የካቦ ዳኜን ሽማግሎች ዛሬ ለሁለተኛ ጊዜ መለስኳቸው።

ኅዳር 7

ትናንት ተመጋቢ ስለበዛ ከዚያ በላይ መጻፍ አልቻልኩም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዳኜ ከከተማው በላይ ባለው የድንጋይ ካባ የፈላጮቹ ካቦ ነው። ሠራተኞቹን ይዞ እኔ ሆቴል ምሳ ሲበላ ዓመታት አልፈዋል። ሚስቱ ሞታለች፣ የእኔም ባል ሞቷል፤ ይኼ ብቻውን ለጋብቻ በቂ ምክንያት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ሽማግሎቹ አቶ ገብረየስ፣ የካባው ጥሩምባ ነፊ ኦቦ ደበላና ባለሱቁ ዲኖ ናቸው። ዲኖን «አንተ እስላሙ ምን አገባህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሽምግልና የሚፈልገው ሃይማኖት ሳይሆን ወገብ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። ለጋብቻ የመጣ ሽማግሌ ጉዳዩ መልስ ሳያገኝ ተቀመጡ ቢሉት አይቀመጥም፣ ጠጡ ቢሉት አይጠጣም። በር ላይ ይቆማል። እኔም ወጡ እንዳያርብኝ ጓዳ ገብቼ ቆይቼ ስመለስ እንደቆሙ ነበሩ። አቶ ገብረየስ የቆሙት አንዱን እያሳረፉ በአንድ እግራቸው ነው። እንቢ አልኳቸው። ምክንያት ሲጠይቁኝ፣ «ከካባ የሚመጣ ሰው አቧራውን ይዞ ይመጣል፤ ሆቴልና አቧራ አይስማሙም» አልኩ።

ይኼም እውነት ነው። ዳኜ ምሳ በልቶ ሲነሳ ወንበሩ ላይ ነጭ ቅርጹ ይቀራል። ወጥ ቤት የምትሠራልኝ ተረፈች ልትጠርገው ስትመጣ «ተዪው፣ እኔ እጠርገዋለሁ» እላታለሁ። እሷ ስትጠርግ ታቦናለች። እኔ ማታ፣ ሰው ሲሄድ፣ ቀስ ብዬ ነው የምጠርገው።

አሁን የቀረው አንድ ጊዜ ነው። ሦስቴ እንቢ ያለችን ሴት አራተኛ መጠየቅ ለጠያቂውም ለእሷም ነውር ነው። እንግዲህ ሦስተኛው መጥቶ ቢያልቅ ባረፍኩ።

ኅዳር 11

ሠራተኞቹ ለምሳ መጡ። ካቦው አልመጣም። «አሞታል እንዴ?» ብዬ የጠየቅኩት ለእሱ ድርሻ የወጣው ወጥ እንዳይበላሽ ብዬ ነው።

ኅዳር 14

የጾም መያዣ። ሥጋ እንደ ጉድ ተበላ።

ከሠራተኞቹ አንዱ አጥንት እየጋጠ ሲያወራ ሰማሁ። ድርጅቱ ሰበታ አዲስ ካባ ሊከፍት ነው፤ ካቦ ዳኜን ከገና በኋላ ወደዚያ ይወስዱታል። ፈላጮቹንም ይወስዱ ይሆናል።

የምሳ ደንበኞቼን ላጣ ነው። የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። የምሳ ነገር።

ኅዳር 19

ማምሻውን ሁለት ፈረንጆች በእንጦጦ በኩል በእግራቸው መጡ። መኪና ተበላሽቶባቸው አይደለም፤ መጀመሪያም የላቸውም። ጀርባቸው ላይ ጎረምሳ የሚያህል ሻንጣ አዝለዋል። ጺማቸው ደረታቸው ላይ ደርሷል። አጭሩ ዋልተር ይባላል። ደሴ አስተማሪ ሆኖ ስለኖረ አማርኛ ያውቃል፤ የመጽሐፍ አማርኛ ነው እንጂ።

«ክብርት ሆይ፣ ማደሪያ ይገኛልን?» አለኝ።

ተረፈች ሳቋን በነጠላዋ አፈነችው።

ረጅሙ ያን ይባላል፤ ቋንቋችንን አያውቅም። አንገቱን ደፍቶ በበሩ ገባ፤ ሻንጣው ግን የሚደፋው አንገት ስለሌለው ከነሰውየው እዚያው ተሰነቀረ። እኔና ተረፈች በጓሮ ዞረን ከኋላ ገፋነው።

ኅዳር 20

ከተማው ፈረደ። በጀርባው የሚሸከም ወይ አህያ ነው፣ ወይ ኩሊ ነው፣ ወይ ስለት ያለበት ነው። ፈረንጅ አህያም ኩሊም አይደለም። መንገዱ ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መንገድ ነው፤ የታኅሣሥ ተክለ ሃይማኖት እየቀረበ ነው። ስለዚህ እንግዶቼ ተሳላሚዎች ናቸው።

ጠዋት በሩን ስከፍት ሴቶች ቆሎና ዳቦ ይዘው ቆመዋል። አንዷ የልጇን ዓይን እንዲዳብሱላት ትማጸናለች። ያን ምን እንደተባለ አላወቀም። ሕፃኗን አይቶ ጠቀሳት። ሕፃኗ ሳቀች።

«ዳነች!» አለች እናትየው፣ መሬት ስማ።

ከሰዓት በኋላ ዲኖ ሱቅ ስሄድ ያዘኝ። «የሺዬ፣ ተሳላሚን የአልጋ ልታስከፍይ ነው? እኔ እስላሙ እንኳ አላደርገውም።»

«የሸጥክላቸውን ባትሪ በነጻ ነው የሰጠኸው?»

«የእኔ ንግድ ነው። የአንቺ ኃጢአት ነው።»

በአደባባይ «የእግዜር እንግዶች ናቸው» እላለሁ። ሒሳቡን ጓዳ ውስጥ እቀበላለሁ።

ኅዳር 23

ያን ታመመ። ራሱን ይፈልጠዋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ተረፈች ነጭ ሽንኩርት ልጣ አፍንጫው ሥር አስቀመጠችለት፤ «ቡዳ ነው» አለች። ዋልተር «የከፍታው ነገር ነው» አለ። ከዚህም ከፍ ያለ ቦታ ኖረው ያውቃሉ አሉ። ዓለምን እየዞሩ የሚጎበኙት ተራራ ላይ ያሉ የማዕድን ከተሞችን ነው። የያን አያት ከሰል ቆፋሪ ነበሩ። በደቡብ አሜሪካ ተራራው ውስጡ ተቦርቡሮ ያለቀ የብር ከተማ አለ፤ ለቆፋሪዎቹ ስጦታ ይዘው ከእነሱ ጋር ጉድጓድ ገብተዋል። አዲስ አበባ አንድ ቡና ቤት ውስጥ «ከእንጦጦ ጀርባም ማዕድን አለ» ያላቸው ሰው አለ።

«በዚህ ከተማ ማዕድን አለን?» አለኝ ዋልተር።

ድንጋይ እንጂ ምን ማዕድን አለ ልል አፌን ስከፍት ተረፈች እግሬን ረገጠችኝ።

«አለ» አልኩ።

ሰውን ዋሽቼ እንቅልፍ አይወስደኝም። መሪጌታ የነበሩት አባቴ ፊደል ያስተማሩኝ ለዚህ አይደለም። ግን ሁለት አልጋ ይዘዋል፤ የሰበታው ነገር እውነት ከሆነ ምሳው ይቀራል። ለሆቴሉ ስል ነው።

ኅዳር 25

እንግዶች ካባውን ቢጎበኙ ይፈቀድ እንደሆነ በኦቦ ደበላ በኩል ጠየቅኩ። የካቦው መልስ መጣ። «እንግዳ ባለቤቱ ይዞት ሲመጣ እንግዳ ነው። ብቻውን ሲመጣ ሌባ ነው።»

ይኼ ማለት እኔም ልሄድ ነው። እዚህ ከተማ ስኖር አንድም ቀን ካባው ጋ ወጥቼ አላውቅም። ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ የዲኖ ሱቅ፣ ሁሉም ከቤቴ በስተግራ ናቸው። ካባው በስተቀኝ ሽቅብ ነው። ወደ ቀኝ የሚያስኬደኝ ጉዳይ ኖሮኝ አያውቅም።

ኅዳር 27

ፈረንጆቹ ለሠራተኞቹ ስጦታ ካልያዝን አንሄድም አሉ። እኔ ዳቦ ይበቃል ብዬ ነበር። ዲኖ ቀደመኝ። በክረምት ሳይሸጥለት የቀረውን ጃንጥላ በሙሉ አራገፈባቸው።

«በበጋ ጃንጥላ ምን ያደርግላቸዋል?» ብዬ ብጠይቀው፣

«ስጦታ የሚያስፈልግ ነገር ከሆነማ ደመወዝ ነው» አለኝ።

ኅዳር 28

እግሬን ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ጥቁሩን ጫማ አደረግኩ። ሌላው እርጥብ ነበር። ተረፈች «በዚህ በጋ በምን ረጠበ?» አለችኝ። ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ።

ሽቅቡ አያልቅም። ያን በየመታጠፊያው ቆሞ ይተነፍሳል፤ እኔም እሱን ለማክበር አብሬው እቆማለሁ። ከላይ ስንደርስ ካባው በአንድ ጊዜ ተገለጠ። ተራራው ግማሹ የለም። ከታች ሰዎች እንደ ጉንዳን ተበትነው መዶሻ ያነሳሉ፣ ይጥላሉ። ድምፁ ቆይቶ ነው የሚደርሰው።

ካቦ ዳኜ ሊቀበለን ወጣ። ሽበቱና አቧራው አይለይም። ለፈረንጆቹ እጁን ሰጠ። ለእኔ ሊሰጥ ዘርግቶ መዳፉን አየና ሰበሰበው። ድንጋዩ ላይ በተጠረበ ደረጃ ይዞን ወረደ፤ መጥፎ ቦታ ሲደርስ ቆሞ ይጠብቀኛል እንጂ አይነካኝም። ስለ አቧራ ያልኩትን ከሰማ ወዲህ እጁ ሊነካኝ አይደፍርም። መልካም ነው። ቀሚሴ ነጭ ነበር።

ጃንጥላው ታደለ። ፈላጮቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ አንዱ ከፈተ፣ ሁሉም ከፈቱ። ጉድጓዱ በጃንጥላ ተሞላ።

ዋልተር ሥራውን ጀመረ።

«ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ምን ይወጣል?»

«ድንጋይ» አለ ዳኜ።

«ከድንጋዩስ ውስጥ?»

«ድንጋይ።»

ዋልተር ለያን ተረጎመለት። እሱም ትልቅ ምሥጢር እንደሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀ።

«ከዚያስ?»

ዳኜ እኔን አየ። እኔ አንድ ጠጠር አየሁ። «ከዚያ ቤት ይወጣል» አለ። «አዲስ አበባ ያያችሁት ግንብ እዚህ ተኝቶ ነበር።»

«እንግዲህ ይህ ማዕድን ይባላልን?»

አሁን ተዋረድኩ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ወይዘሮ የሺወርቅ ማዕድን ነው ካሉ» አለ ዳኜ፣ «ማዕድን ነው።»

ወዲያው ኦቦ ደበላ ጥሩምባቸውን ነፉ። ደማሚት ሊፈነዳ ነው ማለት ነው። ሰው ሁሉ ሮጠ። ኦቦ ደበላ ፈረንጆቹን አንድ ቋጥኝ ጀርባ ከተቷቸው፤ የያን ራስ ግን እየወጣ አስቸገረ። እኔ ሌላ ቋጥኝ ጀርባ ዳኜ ጎን ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። ቋጥኙ ጠባብ ነው። በመካከላችን ጃንጥላ አጋድሞ አኖረ።

«ሦስተኛ ልልክ አስቤ ነበር» አለ፣ ፊቱን ወደ ድንጋዩ አድርጎ። «የሽማግሎቹ ወገብ ገና አልተሻለውም።»

«ወንበር ነበር። አንቀመጥም ያሉት ራሳቸው ናቸው።»

«ደግሞም ፈራሁ። ሦስተኛው እንቢ ከሆነ አለቀ። ሳልልክ ሰበታ ብሄድ ይዤ የምሄደው ሁለት እንቢ ብቻ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እኔም ያልኩትን አልኩ። ደማሚቱ ፈነዳ።

ተራራው ተናወጠ። ጠጠር ዘነበብን። ጭሱ ገለል ሲል ዳኜ ጆሮውን በጣቱ እየጎረጎረ «ምን አሉ?» አለኝ።

አንድን ነገር ሁለት ጊዜ መናገር አልወድም።

«አቧራ ነው አልኩ።»

«አዎ» አለ። «አቧራ ነው።» ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ፣ ብዙም አልለቀቀለትም።

ወጥተን ስናይ ፈላጮቹ ጃንጥላቸውን እንደዘረጉ ቆመዋል። ጃንጥላው ሁሉ ተበሳስቷል። ረጅሙ ፈረንጅ ፎቶግራፍ አነሳቸው።

ምን እንዳልኩ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም። እኔ አውቀዋለሁ።

ታኅሣሥ 2

ካቦ ዳኜ ለምሳ መጣ። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ከካባው እስከ በሬ ድረስ። ልብሱ የታጠበ ነው። ሕፃናት ከኋላው ይከተሉታል፤ አንዱ ጎረምሳ «ካቦ፣ ዝናቡ አቆመ?» ይለዋል። «ከአቧራው ነው» ይላል እሱ፣ ሳይስቅ።

ምስር በላ። አመሰገነ። ሄደ። ወንበሩን አየሁት። ምንም አልቀረም።

«አያምርም እትዬ? ንጹሕ ነው» አለች ተረፈች።

«ያምራል» አልኳት። ከዚያ ተቆጣኋት። በምን እንደተቆጣኋት አሁን ጠፋኝ።

ታኅሣሥ 8

ዲኖ ሱቅ ውስጥ ከጆንያዎቹ ጀርባ ነበርኩ። ሽማግሎቹ መኖሬን አላዩም።

አቶ ገብረየስ፦ «እሷ በር ላይ ከምቆም ደብረ ሊባኖስ ድረስ በእንብርክክ ብሄድ ይቀለኛል።»

ኦቦ ደበላ፦ «እኔ ጥሩምባዬን ነፍቼ የምሸሽ ሰው ነኝ። እዚያ ቤት መሸሸጊያ ቋጥኝ የለም።»

ዲኖ፦ «ዳኜ ሽማግሌ አጣሁ ብሎ ትናንት እዚሁ ቆሞ ነበር። ‹ጺም ያለው፣ ወገቡ የጠና፣ እሷን የማያውቅ ሰው ፈልግ› አልኩት። ከየት ያመጣል?»

ሳልኩ። ኦቦ ደበላ «አካም ጅርቱ፣ ወይዘሮ የሺ» ብለው ቆባቸውን አነሱ።

«ምን ልስጥሽ የሺዬ?» አለ ዲኖ።

የመጣሁበት ጠፋኝ። ክብሪት ገዛሁ። ቤት ክብሪት ሞልቷል።

ታኅሣሥ 12

ውርጭ። ሜዳው ነጭ ሆኖ አደረ። ማንም አልመጣም፤ እኔም ማንንም አልጠበቅኩም። በረንዳውን ደጋግሜ ያስጠረግኩት ለውርጩ ነው።

ታኅሣሥ 15

ከካባው ዕቃ የጫነ መኪና ወረደ። መዶሻ፣ አካፋ፣ በርሜል። ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ሰበታ። ሰበታ እኮ ሩቅ አይደለም። አንድ ሰው ከሰበታ ተነስቶ ሱሉልታ ምሳ ሊበላ ግን አይመጣም።

የምሳው ነገር ነው።

ታኅሣሥ 18

ፈረንጆቹ በየቀኑ ካባ ይወጣሉ። ረጅሙ ፈረንጅ ድንጋይ መፍለጥ ተምሯል፤ አውራ ጣቱን አቁስሏል። ማታ ሲመለሱ እኔን አይተው ወሬ ያቋርጣሉ።

ዛሬ ተረፈች እየሮጠች መጣች። «እትዬ፣ ፈረንጆቹ አብደዋል። ጓሮ ሻንጣቸውን አዝለው ዝም ብለው ቆመዋል።»

ወጥቼ አየሁ። ቆመዋል። ቀጥ ብለው፣ ግድግዳውን እያዩ።

«ምን ሆናችሁ?»

«መቆምን እየተለማመድን ነው፣ ክብርት ሆይ» አለ ዋልተር።

ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ጎህ ሲቀድ ወደ ጎጃም ይሳፈራሉ። አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫ እንደማይገኝ የነገራቸው ሰው አለ ማለት ነው። ጎበዞች ናቸው።

ታኅሣሥ 21

ጓዳ ውስጥ ቆሜ ነው የምጽፈው። ሊጥ በእጄ አለ።

የምሳ ሰዓት እየደረሰ ነው። ቀደም ብሎ ፈረንጆቹ ከውጭ መጡ። በየሻንጣቸው ላይ ነጭ ጋቢ ደርበዋል፤ ጎባጣ ሽማግሎች መስለዋል። ዋልተር በሩ ላይ ቆመ። ያን ከኋላው ሊገባ ሲል ሻንጣው እንደ መጀመሪያው ቀን ተሰነቀረ።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«አንቀመጥም።»

«ሻይ ልስጣችሁ?»

«አንጠጣም።»

ሽሮዬን ጠልተውት ነው ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ ዋልተር ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ልጅዎን ለልጃችን ይሰጡን ዘንድ በትሕትና እንለምናለን።»

«የምን ልጅ? ልጅ የለኝም።»

ዞሮ በአገራቸው ቋንቋ ከያን ጋር ተመካከረ።

«እንግዲያውስ ራስዎን» አለ።

ያኔ ገባኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። የዳኜ ወንበር ነበር፤ ቅርብ ስለነበረ ነው።

«ልጃችሁ ማን ነው?» አልኩ። ወግ ነውና መጠየቅ አለብኝ።

«ልጃችን ዳኜ ነው።»

ዋልተር ሃያ አምስት ዓመት ቢሞላው ነው። ልጁ ሃምሳ ሊሞላው ነው።

«ጠባዩስ?»

«እጅግ መልካም ነው። ሰዓት ያከብራል። ንጽሕናውንም በቅርቡ አሻሽሏል።»

ተረፈች ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ነገር ጣለች።

ሴት በተጠየቀችበት ቀን መልስ አትሰጥም፤ ቀጠሮ ትሰጣለች። «መልሱን ከገና በኋላ መጥታችሁ ውሰዱ» አልኳቸው።

«ክብርት ሆይ፣ እኛ ነገ እንሄዳለን። ልጃችንም ከገና በኋላ በሰበታ ይሆናል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እስከዚያ እንቆማለን» አለ።

ይቆማሉ፤ ይችሉበታል። ያንማ ቢፈልግም መንቀሳቀስ አይችልም። ከኋላው የምሳ ሰዎች ተሰብስበዋል። አቶ ገብረየስ «እንዳትንበረከኩ! እኔን ያየ!» እያሉ ያደፋፍሯቸዋል። የዲኖ ሳቅ ይሰማኛል። ኦቦ ደበላ የሉም፤ ካባው ላይ ናቸው። ዛሬ የመጨረሻው ደማሚት ነው አሉ።

ዳኜም እዚያው ነው። መልስ የሚጠብቅ ሰው ሽማግሎቹ አጠገብ አይቆምም።

መልሱን ለእነዚህ ልሰጣቸው እችል ነበር። ዋልተር ግን የሰጠሁትን እንዳለ አያደርስም፤ «እጅግ» የሚል ይጨምርበታል። እጅግ አላልኩም። በዚያ ቀን ቋጥኙ ጀርባ ያልኩት አንድ ቃል ነው።

ተረፈች አሁን መጣች። «እትዬ፣ ሽሮው ጨው የለውም። ቤትም ጨው የለም።»

«እኔ አመጣለሁ።»

«እርስዎ? እኔ ልሂድ እንጂ!»

«አንቺ ወጡን ጠብቂ።»

ጫማዬን አየች። ጥቁሩን ነው ያደረግኩት። ሌላው ዛሬም እርጥብ ነው። ወደ ድስቱ ተመለሰች።

በፊት ለፊት በር መውጣት አይቻልም፤ ያን ተሰንቅሯል። በጓሮ እወጣለሁ። ኦቦ ደበላ ጥሩምባቸውን ሳይነፉ መድረስ አለብኝ፤ ሁለት ጊዜ መናገሩ ይበቃኛል፣ ሦስተኛ አልናገርም።

የዲኖ ሱቅ በስተግራ ነው። በካባው በኩል ዞሬ እሄዳለሁ። ጨው ልገዛ ነው የምወጣው።